አንድ ሣጥን መብረቅ

የግሮሰሪዋ እትዬ መጀመሪያ «ሰርግ አለ እንዴ?» ብለው ነው የጠየቁኝ። አንድ ሣጥን ባዶ የቢራ ጠርሙስ ስጡኝ ብያቸው ነበር። ባዶውን፣ ያለ ቢራው። «ሰርግ አይደለም እትዬ፣ ለሙከራ ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ማስያዣውን ተቀብለው 24ቱን ጠርሙስ ከነሣጥኑ ወደ እኔ ገፉት። «ቆጥሬ ነው የሰጠሁህ፣ ቆጥሬ ነው የምቀበልህ» አሉ።

ይህ የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። እስከ ሚያዝያ አንድም ጠርሙስ አልመለስኩም። በእነዚህ ወራት ዳቦ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ሰላምታችን አንድ ነበር። «ደህና አደርክ? ጠርሙሴስ?»

ጠርሙሳቸው ጓሮዬ ውስጥ፣ ሰማያዊ ሳፋ ላይ ቆሞ፣ የጨው ውኃ ተሞልቶ፣ 10,000 ቮልት እየጠጣ ነበር። ይህን ለእትዬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ቴስላ ኮይል እየሠራሁ ነበር። ለማያውቀው፣ ቴስላ ኮይል በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ የቆመ ቱቦ ነው። አናቱ ላይ ክብ ብረት ይቀመጣል። ኮረንቲ ሲሰጡት ከዚያ ክብ ብረት ሐምራዊ ብልጭታ ወደ አየር ይረጫል። ማንንም ሳይነካ፣ ዝም ብሎ ወደ ባዶው አየር። ተቃጥሏል ተብሎ የተጣለ ፍሎረሰንት አጠገቡ ስታደርስ ያለ ምንም ሽቦ ቦግ ይላል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች በትራንዚስተር ነው የሚሠሩት። ሙዚቃ ሁሉ ያጫውቱበታል። ጎበዞች ናቸው። እኔ የፈለግኩት ግን የጥንቱን ነው። መዳብ፣ ጠርሙስ፣ እንጨት፣ ነሐስ። እያንዳንዱ ሥራ በዓይን የሚታይበት።

አንድ ደንብም ለራሴ አወጣሁ። ዕቃው በሙሉ የተጣለ ወይም የተረሳ መሆን አለበት። እውነቱን ልናገር፣ ደንቡ ግማሹ ፍልስፍና ነው፣ ግማሹ ኪስ። ከውጭ ልዘዝ ብል ዶላር ይፈልጋል። ዶላሩን ከየት አባቴ ላመጣው?

ስለዚህ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። መርካቶን የሚያውቅ ያውቃታል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ጎማው ጫማ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? እዚያ አንድ ነገር ቆርጠህ ብትሄድ አታገኘውም። ዕቃው ነው አንተን የሚያገኝህ። ስንት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ መሰላችሁ።

የምፈልገው የኒዮን መብራት ትራንስፎርመር ነበር። በአንድ ዘመን ፒያሳ ላይ ሆቴሉም ቡና ቤቱም ስሙን በኒዮን ያጽፍ ነበር። ያ ቀይና ሰማያዊ፣ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን። የኒዮን ቱቦ እንዲበራ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ጀርባ በሬንጅ የታሸገ ከባድ ትራንስፎርመር አለ። ከዚያ ኤልኢዲ መጣ፣ ኒዮኑ ወረደ። ትራንስፎርመሩስ የት ገባ? እኔ እሱን ነበር የምጠይቀው።

አንድ ቅዳሜ ከባትሪ ቻርጀር ክምር ሥር፣ ሁለት የሸክላ ቀንድ ያለው ጥቁር ሣጥን ታየኝ። ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን አጠቆርኩ። መርካቶ ውስጥ ዕቃ አይቶ ፈገግ ያለ ሰው ዋጋውን ራሱ ጨመረ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቻርጀር ነዋ! የትልቅ መኪና።»

አቧራውን በእጄ ጠረግኩት። ጽሑፉ ይነበባል። መግቢያው 220 ቮልት። መውጫው 10,000 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር። ጋሼ «ቻርጀር ነው አልኩህ እኮ» አሉኝ፣ የተጠራጠርኳቸው መስሏቸው። በኪሎ ከሆነ እወስደዋለሁ አልኩ። መዘኑት፤ ዘጠኝ ኪሎ ከምናምን። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ካልከፈልክ ብሎ ተጨቃጨቀኝ። ጥፋተኛ አልለውም፤ ቦታ የያዘው ከእኔ ይልቅ ትራንስፎርመሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር በየቦታው ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ሥራ አትንኩት። ቮልቱ ከኒዮኑ ያነሰ ነው፣ ጉልበቱ ግን በጣም የከፋ ነው፤ ሰው ለመግደል ሁለተኛ ዕድል አይፈልግም። የኒዮኑም ቢሆን ይገድላል። ልዩነቱ የኒዮን ትራንስፎርመር ሲሠራ ጀምሮ ኮረንቲው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ተደርጎ መሠራቱ ነው።

የኮይሉ ፈልሳፊ ኒኮላ ቴስላ ይህን ነገር በሰው ፊት ያሳየው እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1891 ነው። ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ኮሌጅ፣ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ፊት። ገና 34 ዓመቱ ነበር። ሁለት ሰፋፊ የዚንክ ሰሌዳዎች ሰቅሎ፣ በመካከላቸው ምንም ሽቦ ያልተያያዘባቸውን የመስታወት ቱቦዎች አበራ። በሚቀጥለው ወር ፓተንቱ ወጣለት።

አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ግንቦት 1883። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 1883፣ አፄ ምኒልክ የአገራቸውን ወሰን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አሳውቀዋል። አገሩ ክፉ ቀን ላይ ነበር። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሰዉ በረሃብ እየረገፈ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ምኒልክ የታሪክ ደብተሬ ላይ ናቸው፣ ቴስላ ፊዚክስ ደብተሬ ላይ። ደብተሮቹ ተገናኝተው አያውቁም።

አሠራሩን ለእህቴ ልጅ ያስረዳሁት በክራር ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፤ ጥያቄው አያልቅም። ተራ ትራንስፎርመር የዙር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጥቅል የአንደኛውን አሥር እጥፍ ዙር ካለው ቮልቱም አሥር እጥፍ ይሆናል። ቴስላ ኮይል ግን ከዚያ ያልፋል። ትራንስፎርመሩ መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ይሞላል። ሲሞሉ፣ ሲሞሉ፣ በሁለት የነሐስ ኳሶች መካከል ያለው አየር መሸከም ያቅተውና ይበሳል። ብልጭ! በዚያች ቅጽበት ጠርሙሶቹ ያጠራቀሙትን በሙሉ ወፍራሙ የመዳብ ጥቅል ላይ ያፈሱታል። ኮረንቲው ከጠርሙስ ወደ መዳብ፣ ከመዳብ ወደ ጠርሙስ ይመላለሳል። በእኔ ኮይል ላይ በሰከንድ ወደ 270,000 ጊዜ በሚደርስ ፍጥነት።

ቀጭኑ ረጅም ጥቅል ደግሞ የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። የሁለቱ ፍጥነት ከገጠመ ወፍራሙ ጉልበቱን ለቀጭኑ ያስረክባል። ካልገጠመ ጫጫታ ብቻ ነው። ክራር ላይ ሁለት ክሮች አንድ ድምፅ ላይ ከዋሉ አንዱን ስትመታው ሌላው ሳይነካ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ካዛነፍከው ዝም ይላል። የፊዚክስ መጽሐፉ ሬዞናንስ ይለዋል። «ታዲያ ቅኝት አትለውም?» አለ የእህቴ ልጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅኝት ነው የምለው።

ወደ እትዬ ጠርሙሶች ልመለስ።

ኮረንቲ አጠራቃሚው፣ ማለትም ካፓሲተሩ፣ የዚህ ሥራ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ቮልት የሚሆን በሱቅ አይገኝም። የጥንቶቹ ግን ቀላል መላ ነበራቸው። ብርጭቆ ኮረንቲ አያሳልፍም። ከብርጭቆው በውስጥም በውጭም የኮረንቲ ማስተላለፊያ ካለ፣ በመካከላቸው ማጠራቀም ትችላለህ። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ የተገኘው የሌይደን ጠርሙስ ይኸው ነው። ቴስላም እ.ኤ.አ. በ1899 ኮሎራዶ በነበረበት ጊዜ የአካባቢውን የማዕድን ውኃ ጠርሙሶች ሰብስቦ የጨው ውኃ እየሞላ ተጠቅሞባቸዋል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አምቦ ውኃ ነው። በአምቦ ጠርሙስ ቢሠራ እንዴት ባማረ! ያን ሳምንት ግን እትዬ ዘንድ የነበረው የቢራ ሣጥን ነው።

አንዱን ጠርሙስ በጨው ውኃ ሞልቼ፣ በጨው ውኃ ውስጥ አቁሜ፣ የማጠራቀም አቅሙን በመለኪያ ለካሁት። ወደ 0.6 ናኖፋራድ መጣ። 24ቱ አንድ ላይ 14.4 ይሆናሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳገኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ልንገራችሁ። በ50 ኸርዝ ኮረንቲ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው የቤታችን ኮረንቲ፣ ለእኔ ትራንስፎርመር ልክ የሚገጥመው 9.5 ናኖፋራድ ገደማ ነው። ልክ መግጠሙ ግን እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ አይደለም፤ ቮልቱ እየወጣ እየወጣ ይሄድና ትራንስፎርመሩን ያፈነዳዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው ይላሉ። የ9.5 አንድ ተኩል እጥፍ ስንት ነው? 14 ከምናምን። ጠማቂው ሣጥኑን ለእኔ ብሎ የለካው ይመስላል።

ጠርሙሶቹን እናቴ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ደረደርኳቸው። ውስጣቸውም ውጫቸውም እስከ ትከሻቸው የጨው ውኃ። በየአፋቸው አንድ ሽቦ። ከላይ ደግሞ ዘይት ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በውኃው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ እየተሳበ ጉልበቱን ይበላዋል። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ሁለት ጣት ዘይት። ዘይት በዚህ ዋጋ! እናቴ ሳፋዋ መወሰዱን ችላ ነበር። ዘይቱን ስታይ ግን «አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው?» አለች።

ወፍራሙን ጥቅል የሠራሁት ከአሮጌ ማቀዝቀዣዎች በወጣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው። ቁርጥራጮቹን ፍሪጅ ጠጋኙ በጋዝ በየደልኝ፤ እኔ ጣውላ ላይ እንደ ጀበና ማስቀመጫ ማቶት ዙሪያውን ጠቀለልኩት። አሥር ዙር። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙ የሚወራለት አይደለም።

ቀጭኑ ግን አሰቃየኝ።

ቱቦው ከፈረሰ ቤት የተገኘ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ውፍረቱ 11 ሴንቲሜትር። አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ጎመላካ ቀባሁት። ጎመላካውን የሰጡኝ የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ የድሮ ወንበር የምጠግን መስሏቸው ነበር። ሽቦውን ያገኘሁት ሞተር ከሚጠቀልሉ ሰዎች ነው። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ፈትተው፣ የወጣውን ሽቦ ሊጥሉት ሲሉ ደረስኩ። ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠቀለልኩት። ስሞክረው ብልጭታው ወደ አየር መውጣቱን ትቶ በራሱ በጥቅሉ ላይ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። ኮረንቲ ከዙር ወደ ዙር እንዳያልፍ የሚከላከለው የሽቦው ቀለም በሙቀት ተሰነጣጥቆ ኖሮ ጎረቤት ለጎረቤት ዙሮቹ ተነካክተዋል። የተቃጠለ ሞተር ለምን እንደተቃጠለ ሳይጠይቁ ሽቦውን መውሰድ የእኔ ሞኝነት ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ከጠረጴዛ ሥር፣ ለአንድ ትንሽ ሞተር አይበቃም ተብሎ የተቀመጠ የጥቅል ትራፊ አወጡ። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት፣ ንጹሕ፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልተላጠ። «ከዚህ በላይ ደግሞ አትምጣ» አሉኝ።

900 ዙር ነው። ርዝመቱ ቢዘረጋ ከ300 ሜትር ያልፋል። ቱቦውን በሁለት ጣውላ መካከል አስሬ የብስክሌት ፔዳል ገጠምኩለት። እኔ ሽቦውን እመራለሁ፣ የእህቴ ልጅ ፔዳሉን ያዞራል፣ ይቆጥራልም። ዙሮቹ ትከሻ ለትከሻ መግጠም አለባቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ አለቀ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ «612» አለ። ስልኬ ጮኸ። ዘወር አልኩ። እጄ ላላ። ሽቦው እንደ ተለቀቀ ጥጃ ፈትለክ አለ። አንድ ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ «ከአንድ ልጀምር?» አለኝ።

ከአንድ ጀመርን። በየ50 ዙሩ ፕላስተር እያደረግን። ስልኬን እናቴ ዘንድ አስቀመጥኩ።

የነሐሶቹን ኳሶች ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። አያቴ የብረት አልጋ ነበራት። አራት ማዕዘኑ ላይ አራት የነሐስ ኳስ ያለው፣ ዘመነኛ ነው የተባለ አልጋ። ክረምት ሲሆን እንጦጦ ላይ መብረቅ ይጫወታል። ነጎድጓዱ ሲጀምር አያቴ መስታወቱን በነጠላ ትሸፍናለች፣ ሬዲዮኑን ታጠፋለች፣ እኔን ደግሞ አልጋው ላይ ታስቀምጠኛለች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ አንደኛውን ኳስ ጨብጬ ነበር የምቆጥረው። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ስንት ይሆናል? ሦስት ከሆነ አንድ ኪሎሜትር ነው። ብረት ጨብጦ መብረቅ መሸሽ! ያኔ ማን ነግሮኝ።

አልጋው ከፈረሰ ቆይቷል። ከአራቱ ኳሶች ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። በአመድና በሎሚ አሸሁዋቸው፤ እንደ ወርቅ ሆኑ። ፊት ለፊት አቆምኳቸው፣ በመካከላቸው 4 ሚሊሜትር ትቼ።

ይህ 4 ሚሊሜትር ስህተት ነበር። ስህተቱን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በወጉ መጀመሪያ ያበራሁት ሌሊት ጥር ላይ ነው። ከቤቱ ራቅ ብዬ ጓሮ ውስጥ። ለኮይሉ የራሱ መሬት፣ ማለትም ኮረንቲው ወደ አፈር የሚገባበት፣ ቀብሬለታለሁ። ረጅም የመዳብ ዘንግ፣ ዙሪያው ከሰልና ጨው። የቤቱን የኮረንቲ መሬት መጠቀም አይገባም። ይህን የተማርኩት ከቻርጀሬ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ሰከንድ «እስቲ ልየው» ብዬ ቤት ውስጥ ሞክሬ፣ ሌላ ክፍል ተሰክቶ የነበረው የስልኬ ቻርጀር ላይመለስ ሄደ። ማብሪያው አራት ሜትር ርቀት ላይ ነው። አንድ እጄ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ። ከጠፋ በኋላም መጀመሪያ መሰኪያው ይነቀላል፣ ቀጥሎ ጠርሙሶቹ በረጅም የፕላስቲክ እጀታ ላይ በታሰረ ሽቦ ይራገፋሉ። ጠርሙሶቹ ኮረንቲው ከጠፋም በኋላ የያዙትን ይዘው ይቀመጣሉ። ይህን የረሳ ሰው ሌላ ነገር የማስታወስ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ጠጠጠጠጠ! ኳሶቹ መካከል ነጭ ብልጭታ፣ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ፣ መብረቅ ካለፈ በኋላ የሚሸተው የኦዞን ሽታ። አናቱ ላይ ግን ምንም። አንዲት ሐምራዊ ፀጉር እንኳ የለችም። ጎረቤት ውሻ ጮኸ። አጠፋሁት።

ቅኝቱ ነው ብዬ መዳቡ ላይ ያለችውን፣ ስንት ዙር ሥራ ላይ እንደሚውል የምትወስነውን መንጠቆ አንቀሳቀስኩ። ስሌቱ ስምንተኛው ዙር ላይ ይላል። ስምንት ላይ ትንሽ ጭረት ታየች፤ የጣት ርዝመት ያላት። ሰባት ላይ ጠፋች። ስምንት ተኩል ላይ ተሻለች። ለምን ከስሌቱ አለፈ? ብልጭታው ራሱ ከወጣ በኋላ እንደ ተጨማሪ ብረት ሆኖ አናቱን ስለሚያከብደው ነው። ክራሩ ሲዘፈንበት ድምፁ ይወርዳል እንደማለት። አራት ምሽት በዚህ አለፈ። ብልጭታው ግን ከአንድ ስንዝር አልዘልም አለ።

መልሱን ያገኘሁት ስለ ቴስላ ሳነብ ነው፣ ያውም ስለ ሌላ ጉዳይ። የቴስላ ላቦራቶሪ የነበረበት ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ በቀላሉ ይበሳል። መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ የት ነው የምኖረው? ሽሮ ሜዳ። ከ2,500 ሜትር በላይ። ከቴስላ ላቦራቶሪ በላይ ተቀምጬ የባሕር ዳርቻ ሠንጠረዥ ስጠቀም ከርሜያለሁ! ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሚሊሜትር አየር ለመብሳት 3,000 ቮልት ይላል። እዚህ እኛ ጋ አየሩ የዚያን ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ኳሶቼ ጠርሙሶቹ በደንብ ሳይሞሉ ነበር የሚለቁት። እንጀራው ሳይበስል አክንባሎውን እንደ መክፈት።

ክፍተቱን ከ5 ሚሊሜትር ትንሽ አሳለፍኩት። ከዚያ በላይ አልደፈርኩም፤ ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ሁለት ስንዝር። ከእያንዳንዱ ብልጭታ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ። የሐምሌ ሰማይ ተቀንሶ ጓሮዬ ውስጥ የተተከለ መሰለኝ። የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ። ሁለት የአሉሚኒየም ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ የተገጠመው አናቱ ላይ፣ አያቴ የምትፈራው ነገር ሲጨፍር አየሁ።

ስለ ቴስላ በጣም የታወቀውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ግዙፍ መብረቅ በሚያጓራበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በእርጋታ ያነባል። ፎቶው ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነሣ ነው። መብረቁ ሲወርድ ቴስላ እዚያ አልነበረም። እኔም ከኮይሌ ጋር አንድ ፎቶ አለኝ፤ አራት ሜትር ርቄ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ፌስቡክ ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ለጠፍኩ። ከመጡት አስተያየቶች ግማሾቹ «ቴስላ ነፃ ኃይል አግኝቶ ነበር፣ ደበቁበት» የሚሉ ናቸው። ይህ ወሬ ያናድደኛል። ኮይሌ 300 ዋት ገደማ ይበላል፤ ከዚያ ያነሰ ይተፋል። ቀሪው ሙቀት፣ ጫጫታና ኦዞን ሆኖ ይሄዳል። ቆጣሪዬ ምስክር ነው። ሰውዬው የሠራው ሥራ በራሱ የሚበቃ ሆኖ ሳለ፣ ያልሠራውን እየጫኑ ማክበር ምን የሚሉት ነው?

ሌሎቹ ግማሾች ደግሞ እናቴ የጠየቀችውን ነው የጠየቁት። ምን ይጠቅማል?

በዘመኑ ጠቅሟል። የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሰራጫዎች የዚህ የቅርብ ዘመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ የድረሱልኝ ጥሪዋን ያሰማችው በብልጭታ ነው። ቴስላ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ከባለ ባንኩ ከጄ. ፒ. ሞርጋን 150,000 ዶላር ይዞ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለ ሽቦ መልእክት ብሎም ኃይል የሚልክ ማማ ማቆም ጀመረ። ገንዘቡ አለቀ። ማማው ሥራ ሳይጀምር ቆሞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1917 አፍርሰው ብረቱን ለቁርጥራጭ ሸጡት። ይህን ሳነብ ምናለሽ ተራ ነው የታየኝ። የቴስላ ማማ በኪሎ ሲመዘን፣ አንዱ ጋሼ «የትልቅ መኪና ነው» ሲል።

የእኔው ኮይል ግን ምንም አይጠቅምም። እናቴን «ምንም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንዲያውም ሳፋዬን ወስዷል» አለች።

መጋቢት ላይ አንዱ ጠርሙስ ተበሳ። መብራቱን ሳጠፋ ከሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። አንሥቼ ሳየው ጎኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ነጭ፣ እንደ ጨው የደቀቀ ብርጭቆ። ጠርሙሶቹ 23 ሆኑ። ቅኝቱ ስለተዛነፈ መንጠቆዋን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋሁ፣ ተስተካከለ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት እትዬ ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንድ ልጅ ሣጥን አስይዘው። «ዛሬስ ሳልወስድ አልሄድም» አሉ። ሻይ አቀረብን። ጓሮ ወስጄ፣ ራቅ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ስልካቸውን ቤት ውስጥ አስቀመጥን። የልብ ሕመም እንደሌለባቸው፣ ደረታቸው ውስጥ የተገጠመ ነገር እንደሌለ ጠየቅኳቸው። «ምን ልታደርገኝ ነው?» አሉ። ከራሳቸው ሱቅ የተጣለ የተቃጠለ ፍሎረሰንት አስያዝኳቸው።

አበራሁት። እጃቸው ላይ ያለው ቱቦ ቦግ አለ።

«በስመ አብ ወወልድ!» ቱቦውን ግን አልለቀቁትም። ወደ ግራ ወሰዱት፣ ወደ ቀኝ ወሰዱት። ጫፉን ሲያርቁት ይደበዝዛል፣ ሲያቀርቡት ይደምቃል። አጠፋሁት። «እስቲ ድገመው» አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ተነሥተው፣ ካራገፍኩት በኋላ ሳፋው አጠገብ ቆሙ። በሌባ ጣታቸው እያንዳንዱን ጠርሙስ መቁጠር ጀመሩ።

«23።»

«አንዱ ተበስቷል እትዬ።» አመጣሁላቸው። ወደ አምፖሉ አንሥተው በቀዳዳው አጮለቁ።

«መብረቁ ነው የበሳው?»

«አዎ።»

«ይታሰባል» አሉ። «ከማስያዣው ላይ።»

ልጁ ያመጣውን ሣጥን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። የቀሩትን 23 ጠርሙሶች እስከ መስቀል አቆያቸው ብለውኛል፤ የወንድማቸው ልጆች ሲመጡ ሊያሳዩአቸው ይፈልጋሉ። የተበሳውን ግን ነጠላቸው ሥር አድርገው ይዘውት ሄዱ። አሁን ባንኮኒያቸው ላይ፣ ከከረሜላው ብልቃጥ አጠገብ ቆሟል። ለጠየቃቸው ሁሉ መብረቅ የመታው ነው ይላሉ። ከማስያዣዬ ላይ የቆረጡትን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።